የድሮ ፋንታሲ ሚኒየቸሮችን መሰብሰብና መቀባት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መቀቢያ ጠረጴዛዬን ያየ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ያው ነው። ስለዚህ መልሱን እዚህ ሰብስቤ ጻፍኩት። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። አንዳንድ ቦታ ላይ ድርቅ ልል እችላለሁ፣ ታገሱኝ።

ይሄ አሻንጉሊት ነው አይደል?

ነው ብትሉኝ አልጣላችሁም። ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጡ የብረት ምስሎች ናቸው። ኦርክና ጎብሊን የሚባሉ የተረት ጭራቆች፣ ድንክ፣ ጠንቋይ፣ አፅም፣ ጦር የያዘ ፈረሰኛ። ሰው የሚመስለው ምስል ቁመቱ 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ኋላ ላይ ወደ 28 አደገ። የተሠሩት ለጦርነት ጨዋታ ነው። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ሠራዊታቸውን ይደረድራሉ፣ በሜትር እየለኩ ያንቀሳቅሳሉ፣ ዳይስ ይጥላሉ፣ ማን እንደወደቀ ዳይሱ ይወስናል።

ነገሩ የተወለደው አሜሪካና እንግሊዝ ነው። በ1974 ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባለው ጨዋታ አሜሪካ ውስጥ ወጣ፤ ተጫዋቹም ጠረጴዛው ላይ የሚያቆመው ጀግናና ጭራቅ ፈለገ። በ1975 ኦሃዮ ውስጥ፣ ሲንሲናቲ ከተማ፣ ራል ፓርታ የሚባለው ምስል አምራች ተቋቋመ። የዚያ ቤት ዋና ቀራጭ ቶም ማየር ሥራውን ሲጀምር ገና ጎረምሳ ነበር። በዚያው ዓመት ለንደን ላይ ኢያን ሊቪንግስተን፣ ስቲቭ ጃክሰንና ጆን ፒክ የሚባሉ ሦስት ጓደኛሞች ጌምስ ወርክሾፕ የሚባለውን የጨዋታ ኩባንያ ጀመሩ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ደግሞ ጌምስ ወርክሾፕ ከብራያን አንሴል ጋር ሆኖ እንግሊዝ ባለችው ኒውአርክ ከተማ ውስጥ ሲታደል ሚኒየቸርስ የሚባለውን ምስል አምራች አቋቋመ። ከዚያ በ1983 አንሴል፣ ሪቻርድ ሃሊዌልና ሪክ ፕሪስትሊ ያዘጋጁት ዋርሃመር የሚባለው የጦርነት ጨዋታ መጣ። ዓላማውም ግልጽ ነበር፤ ሰው አንድ ጀግናና ሦስት ጎብሊን ገዝቶ እንዳይቀመጥ፣ ሠራዊት ሙሉ እንዲገዛ። ተሳክቶላቸዋል፣ እኔ ምስክር ነኝ።

"የድሮ" የሚባለው እስከ መቼ ያለው ነው?

በዚህ ሰብሳቢ ሁሉ ይጨቃጨቃል። ለእኔ ከ1970ዎቹ አጋማሽ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ያለው ነው። ውስጡን ስትከፍሉት መጀመሪያ የሚመጣው እግሩ ሥር ያለው መቆሚያ ከምስሉ ጋር አብሮ የቀለጠው ነው። ከዚያ በ1980ዎቹ አጋማሽ ሲታደል ሌላ ዘዴ አመጣ። ምስሉ እግሩ ሥር ቀጭን የብረት ምላስ አለው፣ ምላሱ የፕላስቲክ መቆሚያ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ምላሱ ላይ ብዙ ጊዜ የኩባንያው ስምና ዓመቱ፣ አንዳንዴም የምስሉ ስም ተጽፎ ይገኛል። ለሰብሳቢ ይሄ መታወቂያ ነው፣ አትቁረጡት።

አዲሶቹ በጣም ያምራሉ እኮ። ለምን አሮጌውን?

አዎ፣ ያምራሉ። ዛሬ አብዛኛው ምስል በኮምፒውተር ነው የሚቀረጸው። ጥፍር እንኳን ይታያል። ግን ሁሉም የአንድ ሰው ሥራ ይመስላል። የድሮዎቹን ቀራጩ በእጁ ነው የሠራቸው፤ ለስላሳ ፑቲ ይዞ፣ ልክ በዚያችው በምስሉ ትንሽ መጠን። ስለዚህ የእጁ ጠባይ ይታያል። ኬቭ አዳምስ የቀረጸው ጎብሊን አፍንጫውና ፈገግታው ብቻ ይበቃችኋል፣ ስም ማየት አያስፈልግም። የቦብ ኦሊ ድንክ ፊቱ የተሰነጠቀ ድንጋይ ነው። የመንትዮቹ የማይክልና የአለን ፔሪ ሥራ ቁጥብ ነው፣ ትጥቁ እውነተኛ ታሪክ የሚያውቅ ሰው እንደሠራው ያስታውቃል። የጄስ ጉድዊን ኤልፍ (ጆሮው ሾጣጣ የተረት ፍጡር) ደግሞ ሲቆም እንኳን ይኮራል።

ጉድለትም አላቸው። እጅ ከፊት ይበልጣል፣ ሰይፉ ወፍራም ነው፣ አንዳንዱ ዓይኑ ተንሸዋሯል። እኔ ይሄንን ነው የምወደው። ካልወደዳችሁት አዲሱን ግዙ፣ ገንዘባችሁም ይተርፋል።

ከየት ነው የሚገዛው? ውድ ነው?

አብዛኛው ሰው ኢቤይ ላይ ይጀምራል። መጥፎ አይደለም፤ ግን "ብርቅዬ" የሚል ቃል የተለጠፈበትን ሁሉ አትመኑ፣ እዚያ ገበያ ላይ ብርቅዬ ያልሆነ ነገር የለም። በጅምላ የሚሸጥ የጫማ ሳጥን ፈልጉ። የአንድ ሰው የልጅነት ሠራዊት፣ ግማሹ የተሰበረ፣ በወፍራም ቀለም የታፈነ፣ ፎቶው ደብዛዛ። ሻጩ ምን እንደያዘ አያውቅም፣ እናንተ ግን ታውቃላችሁ። ተራ ጎብሊን በጥቂት ፓውንድ ይገኛል። ትልልቅ ድራጎኖችና በትንሽ ቁጥር የተመረቱት ግን መቶዎች ውስጥ ይገባሉ። እነሱን መጀመሪያ ላይ እርሷቸው።

እንግሊዝ ያላችሁ የእሁድ ካር ቡት ሴል፣ አሜሪካ ያላችሁ ጋራዥ ሴል፣ ማለትም ሰው አሮጌ ዕቃውን ከመኪናው ወይም ከቤቱ ደጃፍ የሚሸጥበትን ገበያ፣ አትናቁ። ለንደን ውስጥ በየዓመቱ የሚካሄደው ሳሉት የሚባለው ትርኢትና ኒውአርክ ያለው ፓርቲዛን ላይ አሮጌ ብረት በገበታ ላይ ተዘርግቶ በእጅ እየነኩ መግዛት ይቻላል። በእጅ መንካት ለውጥ አለው።

ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው መንገድ አለ። አንዳንዶቹ የድሮ ሞልዶች፣ ማለትም የቀለጠ ብረት የሚፈስባቸው ቅርጽ ማውጫዎች፣ ዛሬም እየሠሩ ነው። የራል ፓርታን ምስሎች እዚያው ሲንሲናቲ ያለው አየርን ዊንድ ሜታልስ ያመርታል። የሌላውን የድሮ አምራች የግሬናዲየርን ምስሎች ጣሊያን ውስጥ ፍሎረንስ ያለው ሚርሊቶን ይሸጣል። የአንሴል ቤተሰብ የሆነው ዋርጌምስ ፋውንድሪም የዚያን ዘመን ፋንታሲ ምስሎች አሉት። ያው ቅርጽ ነው፣ ዋጋው ልከኛ ነው፣ ዕድሜ ብቻ ይጎድለዋል። ለመቀባት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም።

ፕላስቲክ ካላስጠላችሁ ደግሞ ሂሮክዌስትን ፈልጉ። በ1989 ሚልተን ብራድሊ ከጌምስ ወርክሾፕ ጋር ያወጣው የሳጥን ጨዋታ ነው። ኦርክ፣ ጎብሊን፣ አፅም፣ ሙሚ፣ ሁሉም አለው። መለማመጃ ይሆናል።

ፎርጅድ አለ?

ሞልቷል። አንድ ሰው ኦሪጅናሉን ወስዶ ሞልድ ያወጣበታል፣ ደግሞ ያቀልጣል። የሚለየው እንዲህ ነው። ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚሸማቀቅ ቅጂው ከኦሪጅናሉ በጥቂቱ ያንሳል፤ ጎን ለጎን ስታቆሟቸው ይታያል። የቀለበት ሰንሰለት፣ የጢም ፀጉር የመሳሰለው ጥቃቅን ነገር ይሟሟል። ምላሱ ላይ ያለው ጽሑፍ ይደበዝዛል ወይም ሆን ተብሎ ተሞርዷል። በሬዚን (ፈስሶ በሚደርቅ ፕላስቲክ) የተሠራው ደግሞ እጃችሁ ላይ ስታስቀምጡት ይቀልላል፣ ወዲያው ትነቁበታላችሁ።

አሮጌው ብረት የእርሳስና የቆርቆሮ ቅይጥ ነው። ነጭ ወረቀት ላይ ስታሹት ግራጫ መስመር ይተዋል። በቀላሉ ይታጠፋል። ከእርሳስ ነጻ የሆነው አዲሱ ቅይጥ ጠንከር ይላል፣ ያብለጨልጫልም።

እርሳስ መርዝ አይደለም እንዴ?

ነው። አምራቾቹም በ1990ዎቹ ቀስ በቀስ የተዉት ለዚህ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ልጆች የሚነኩት ዕቃ ላይ እርሳስ ይከልከል የሚል ጫና ሲመጣ ራል ፓርታ ቅይጡን ቀየረ፣ ሌሎቹም ተከተሉ።

ግን አትደንግጡ። በቆዳ በኩል እዚህ ግባ የሚባል ነገር አይገባም። አደጋው ከመዋጥና አቧራውን ከመተንፈስ ነው። እኛ ደግሞ እንጀራ በእጃችን የምንበላ ሰዎች ነን፤ ጎብሊን ሲነካካ የዋለ እጅ ሳይታጠብ ጉርሻ የለም። በሳሙና፣ ጥፍር ሥር ጭምር። ስትሞርዱ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ስታለሰልሱ ምስሉን በውሃ አርጥቡት፣ አቧራው እንዳይነሳ። ማስክ አድርጉ። ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ አትጥረጉት በመጥረጊያ። ብሩሽ በምላስ ማሾል የሚባለውን ልማድ ተዉት። የቡና ስኒውንም ከቀለም ውሃው አርቁት፣ ብሩሹን ቡናው ውስጥ ያልነከረ ቀቢ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ ወይም ነፍሰ ጡር ካለች እርሳሱን ቁልፍ ያለው ቦታ አድርጉት፣ ሙረዳውንም ከቤት ውጭ። ልጁ መጫወት ከፈለገ ፕላስቲኩን ስጡት።

ምስሉ ላይ ነጭ ዱቄት ወጥቷል። ሻጋታ ነው?

ሻጋታ አይደለም። ሰብሳቢዎች የእርሳስ መበስበስ ይሉታል። በአየር ውስጥ ያለ አሲድ፣ በተለይ ኮምጣጤ ውስጥ የሚገኘው ዓይነት፣ ከእርጥበትና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሆኖ እርሳሱን ወደ ነጭ ዱቄት ይቀይረዋል። አሲዱ ከየት ይመጣል? ብዙ ጊዜ ከቁም ሳጥኑ። ኦክ የሚባለው እንጨት በዚህ የታወቀ ነው፣ ተጨምቆ የተሠራ ጣውላም እንደዚያው። ሰው ውድ ምስሉን በውድ የኦክ ሳጥን ዘግቶ ያስቀምጥና ከዓመታት በኋላ ሲከፍተው ዱቄት ያገኛል።

ዱቄቱ መርዛማ ነው፣ አትንፉት። ጓንትና ማስክ አድርጋችሁ ውሃ ውስጥ በጥርስ ብሩሽ ፈግፍጉት፣ በደንብ አድርቁት፣ ወዲያው ፕራይመር (የመጀመሪያውን መደብ ቀለም) ቀቡት። የተበላው ቅርጽ አይመለስም። ቀሪዎቹን ግን አየር በሚገባበት የብርጭቆ ወይም የብረት መደርደሪያ አስቀምጡ። በኮምጣጤ እጠቡት የሚል ምክር ብትሰሙ፣ ችግሩን ያመጣው ራሱ ኮምጣጤ መሆኑን አስታውሱ።

ሲመጣ ተቀብቶ ነው። የድሮውን ቀለም ላስለቅቀው?

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ብዙ ሰው ምስሉ ከፖስታው እንደወጣ አሴቶን የሚባለው ቀለም የሚያሟሟ ፈሳሽ ውስጥ ይጥለዋል። እኔ መጀመሪያ ሳምንት ያህል መደርደሪያ ላይ አቆመዋለሁ። ያ ቀለም በ1986 አንድ የ13 ዓመት ልጅ ሳሎን ቁጭ ብሎ፣ በኢናሜል ቀለም፣ ምላሱን አውጥቶ የቀባው ሊሆን ይችላል። ጥሩ ላይሆን ይችላል፣ ግን የዘመኑ ነው፤ አረንጓዴው፣ የጋሻው ላይ ፊት፣ ሁሉም። እንደዚህ ዓይነቱን አልነካም፣ ተሰብሮ ከሆነ ብቻ እጠግነዋለሁ። ቅርጹ እስከማይታይ ድረስ በቀለም የታፈነውን ግን ያለ ርኅራኄ አስለቅቃለሁ።

ብረት ከሆነ አሴቶን ፈጣን ነው። ክዳን ያለው የብርጭቆ ዕቃ፣ የተከፈተ መስኮት፣ እሳትና ሲጋራ በአካባቢው የለም። ጥቂት ቆይታችሁ በጥርስ ብሩሽ ስትፈገፍጉት ቀለሙም አሮጌው ሱፐር ግሉም አብሮ ይለቃል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ፣ አሴቶን የሌለበትም አለ። ተራ ስስ ጓንት አሴቶንን አይችልም፣ ስለዚህ በወረንጦ አውጡት።

ፕላስቲክ ከሆነ አሴቶን ወዲያ! ኦርኩ ወደ ሙጫነት ይቀየራል። እንግሊዞቹ ለዚህ ቡናማውን ዴቶል ይጠቀማሉ። አንድ ቀን ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ በብሩሽ። አንድ ሕግ ብቻ አለው፤ ቀለሙ ሳይለቅ ውሃ አታስነኩት፣ ተጣባቂ ጥቁር ነገር ይሆንና ከብሩሹም ከእጃችሁም አይለቅም። መጀመሪያ በዴቶሉ በራሱ አጥሩት፣ ከዚያ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ውሃ መጨረሻ ላይ። ሽታው ለቀናት ቤቱን ሆስፒታል ያስመስለዋል፣ ቤተሰብ አስቀድማችሁ አሳውቁ።

ለመጀመር ምን ያስፈልገኛል?

ከምታስቡት ያነሰ። ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ቡናማ፣ አንድ ብርማ የአክሪሊክ ቀለም። አረንጓዴውን ራሳችሁ ደባልቁ። ሁለት ብሩሽ። በጣም ትንሿን ብሩሽ አትግዙ፣ ቀለሙ ምስሉ ጋር ሳይደርስ ጫፏ ላይ ይደርቃል። ቁጥር 1 ሆኖ ጫፉ የሾለ ይበቃል። ሞረድ፣ ስለታም ቢላ፣ ሱፐር ግሉ።

መጀመሪያ በሞልዱ መገጣጠሚያ በኩል የቀረውን ቀጭን መስመር ሞርዱ። በሳሙና እጠቡ። ፕራይመር ቀቡ። ከዚያ ቀለሙን በውሃ አቅጥኑና በስሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ደርቡ። አንድ ወፍራም ንብር ጀማሪን የሚያሳብቀው ነገር ነው።

የ80ዎቹን መልክ እንዴት ነው የማመጣው?

ድፍረት ነው የሚፈልገው። ዛሬ ብዙ ሰው ጥቁር ፕራይመር ላይ ይጀምርና ጭቃና ዝገት የለበሰ ሠራዊት ይቀባል። ያኔ ነጭ መደብ የተለመደ ነበር፣ ለዚህም ነው ቀለሞቹ የሚጮሁት። ቀይ ቀይ ነው። ቢጫው ያስደነግጣል። ጥላው የሚመጣው ስንጥቆቹ ውስጥ በሚፈስ ቀጭን ቀለም ነው፣ ብርሃኑ ደግሞ በደረቅ ብሩሽ። ብሩሹን ቀለም ነክራችሁ ጨርቅ ላይ ጠርጋችሁ ከሞላ ጎደል ባዶ ስታደርጉትና ከፍ ከፍ ያሉትን ቦታዎች ስትዳብሱበት ፀጉርና ሰንሰለት ብቅ ይላል።

ጋሻውን አትርሱ። ያኔ ሰው ጋሻው ላይ ጥርሱን ያገጠጠ ፊት ይሥል ነበር፣ በእጁ። እኛ ለዚህ ቅርብ ነን ባይ ነኝ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ያለውን ትልቅ ዓይንና ቀለምን ከቀለም የሚለየውን ጥቁር መስመር አስቡት። ያ ሥዕል ከሩቅ እንዲነበብ ነው የተሠራው፣ ጠረጴዛ ላይ የቆመ ጎብሊንም እንደዚያው። ቀበቶውና ልብሱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ስታስገቡ ምስሉ ከአንድ ሜትር ርቀት ይለያል።

የሰዎቹ ፊት የግድ ሮዝ ነው?

ማን አለ? የድሮ ሳጥኖች ላይ ሁሉም እንደዚያ ነው፣ ያ የቀቢዎቹ ምርጫ ነው። የእኔ ፈረሰኞች ብዙዎቹ ጠይም ናቸው። መደቡ ጥቁር ቡናማ፣ ላዩ ቀላ ያለ ቡናማ፣ አፍንጫ፣ ጉንጭና ግንባር ላይ ትንሽ ወርቃማ ቢጫ የተቀላቀለበት። ለማብራት ነጭ አትጨምሩ። ነጭ ከጨመራችሁ ቆዳው አመድ ይመስላል፣ ቅባት እንዳልተቀባ። ከንፈርና የታችኛው ዓይን ሽፋን ላይ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ቀይ ጠብ አድርጉ።

አዲስ አበባ ሆኖ ይቻላል?

ይቻላል፣ ትንሽ ብልሃት ይፈልጋል። አብዛኛው የብረት ምስል ከ10 እስከ 20 ግራም ገደማ ነው፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ጥግ ላይ አሥሩ ምንም አይሉም። ስፕሬይ ቀለም ግን አታስልኩ። ተቀጣጣይ ስለሆነ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም፣ ዘመዳችሁን አየር ማረፊያ ላይ ታስቸግሩታላችሁ። በብሩሽ የሚቀባ ፕራይመር አስመጡ። ለሠዓሊዎች የሚሸጠው የአክሪሊክ ቀለም ወፈር ቢልም በውሃ ቀጥኖ ይሠራል።

ጋኔን፣ ጠንቋይ፣ አፅም ... እናቴ ብታይስ?

የእኔ እናት መጀመሪያ አማተበች። አሁን ድንኮቹን ትወዳቸዋለች፣ ጋኔኖቹ ግን ሳሎን አይገቡም፤ እኔም አልከራከርም። ድንክ፣ ፈረሰኛና ኤልፍ ብቻ ሰብስባችሁ ዕድሜ ልክ መኖር ትችላላችሁ።

ዋጋው ስለሚጨምር ገዝቼ ባስቀምጥስ?

ወርቅ ግዙ።

ጨዋታውንም የግድ መጫወት አለብኝ?

የለባችሁም። የሚቀባ ብቻ አለ፣ የሚሰበስብ ብቻም አለ። ግን አንዴ ሞክሩት። ሠራዊት አያስፈልግም። የመጀመሪያዎቹ የዋርሃመር ሕጎች ከሁለቱ ተጫዋቾች ሌላ ታሪኩን የሚመራ ሦስተኛ ሰው ይፈልጉ ነበር፣ ደስ የሚለውም እሱ ነው። በአንድ ወገን አሥር ድንክ፣ በሌላው አሥራ አምስት ጎብሊን፣ መሃል ላይ የተሰረቀ የጠላ በርሜል። ሦስተኛው ሰው ድልድዩ መቼ እንደሚሰበር ብቻውን ያውቃል። ቫርኒሽ ያልተቀባ ምስል ይዛችሁ እንዳትመጡ ብቻ፤ መጀመሪያ የሚያብለጨልጨውን ለጥንካሬ፣ ሲደርቅ የማያብለጨልጨውን ለመልክ። ላብ ያለበት እጅ በአንድ ከሰዓት የአፍንጫ ጫፍ ቀለም ያነሳል።